መንገድ የጠረጉት መሐንዲስ፦ ከሶቪየት የመጡት እስራኤልን እንዴት ለመዷት?

እስራኤል ውስጥ በእኛ በሐበሾቹ መካከል ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ለቅሶ ቤት ይነሳል። ሰርግ ላይ ይነሳል። ቡና ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ ይነሳል። «ሩሲያኖቹ እኮ ከእኛ ጋር ነው የመጡት። በዚያው ዓመት፣ በዚያው አውሮፕላን ማረፊያ። ታዲያ እነሱ እንዴት ቶሎ ቆሙ?»

መልሱም ዝግጁ ነው። አንዱ «ነጭ ስለሆኑ ነዋ!» ይላል። ሌላው «ተምረው ስለመጡ ነው» ይላል። ሁለቱም ላይ እውነት አለ። ግን ጉዳዩን አይጨርሱትም። እኔ ልጅነቴን ያሳለፍኩት ካራቫን ሰፈር፣ ማለትም ጊዜያዊ የቆርቆሮ ቤቶች በተደረደሩበት መንደር፣ ከእነሱ ጋር ደጃፍ ለደጃፍ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ረጋ ብዬ ላስረዳ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከስሙ እንጀምር። «ሩሲያኖች» የምንላቸው ሰዎች ሁሉም ከሩሲያ አልመጡም። ከዩክሬን የመጣው ብዙ ነው። ከቤላሩስ፣ ከሞልዶቫ፣ ከኡዝቤኪስታን፣ ከካውካስ ተራሮችም የመጡ አሉ። አንድ ያደረጋቸው ቋንቋው ነው። በሶቪየት ዘመን ቅጽ ሲሞላ አምስተኛው መስመር ብሔር ይጠይቃል። እዚያ መስመር ላይ «አይሁዳዊ» ተብሎ መጻፉ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ በር ይዘጋል፣ የሥራ እድገት ያስቀራል። እንዲህ ሆኖ ዕድሜ ልኩን «አይሁድ» ሲባል የኖረ ሰው፣ ቤን ጉርዮን ላይ ከአውሮፕላን ሲወርድ «ሩሲያው መጣ» ተባለ። ይህን ስሰማ ሁሌም የራሳችን ታሪክ ትዝ ይለኛል። ጎንደር «ፈላሻ» የተባሉት ወላጆቻችን እዚህ ሲደርሱ «ኢትዮጵያውያን» ሆኑ። ሰው ሀገሩ ላይ ያልተሰጠው ስም ባዕድ ሀገር ይጠብቀዋል።

ለረጅም ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት መውጣት ቀላል አልነበረም። ለመውጣት አመልክቶ የተከለከለ ሰው «ኦትካዝኒክ» ይባል ነበር፤ እምቢ የተባለ ማለት ነው። ከሥራ ይባረራል፣ ይከተሉታል፣ አንዳንዱም ይታሰራል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ናታን ሻራንስኪ ዘጠኝ ዓመት ታስሮ የተፈታው በ1986 ነው። በጎርባቾቭ ጊዜ በሩ ተከፈተ። ያኔ ግን የብዙዎቹ ምኞት አሜሪካ ነበር። በ1989 መገባደጃ ላይ አሜሪካ የምትቀበለውን ስደተኛ በቁጥር ወሰነች። ከዚያ በኋላ የሰው ጎርፍ ወደ እስራኤል ዞረ። ይህን መያዝ ይጠቅማል። ከመጡት ውስጥ ጽዮንን ሲናፍቅ የኖረ አለ። ሀገሩ ሲፈርስ ልጁን ይዞ የወጣም አለ። ሁለቱም በአንድ አውሮፕላን ነው የመጡት።

የመጡትም በቀጥታ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ በቡዳፔስት፣ በቡካሬስት፣ በዋርሶ በኩል ነው የተጓዙት። እስከ 1991 ድረስ ወደ እስራኤል የሚወጣ ሰው የሶቪየት ዜግነቱን ያጣ ነበር። ስለዚህ ሻንጣውን ሲዘጋ መመለስ እንደሌለ ያውቃል።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። በ1990 ብቻ ወደ 185 ሺህ ሰው ገባ። በ1991 ደግሞ ወደ 148 ሺህ። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ያኔ የእስራኤል ሕዝብ አራት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነበር። ለአምስት ሰው አንድ እንግዳ ደረሰ ማለት ነው። እስቲ በኢትዮጵያ ስፋት አስቡት፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ከሃያ ሚሊዮን በላይ አማርኛ የማይችል ሰው ሀገር ውስጥ ገብቶ ቤትና ሥራ ሲፈልግ። በጥር 1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ተነሳ፣ ከኢራቅ ሚሳይል ይወረወር ጀመር። ያኔም መምጣቱ አልቆመም። ከአውሮፕላን የወረደው ሰው መጀመሪያ ከተሰጠው ዕቃ አንዱ የጋዝ መከላከያ ጭምብል ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት እኛ መጣን። በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ስለ እሱ ብዙም ሲወራ አልሰማሁም። መንግሥት ሁለቱን ወገን የተቀበለበት መንገድ የተለያየ ነው።

ድሮ ብዙ አዲስ መጪ መርከዝ ክሊታ ይገባ ነበር፤ የአዲስ መጪዎች መቀበያ ማዕከል ማለት ነው። መኝታ አለ፣ ዑልፓን የሚሉት የዕብራይስጥ ትምህርት አለ፣ የሚቆጣጠር ሠራተኛ አለ። የሶቪየቶቹ ጎርፍ ሲመጣ ግን ይህን ሁሉ ሰው የሚችል ማዕከል አልተገኘም። ስለዚህ መንግሥት «ቀጥታ ክሊታ» የሚባለውን አሠራር አስፋፋ። ሰውየው ሳል ክሊታ የሚሉትን ገንዘብ ይቀበላል። ቃሉ የመቋቋሚያ ቅርጫት እንደማለት ነው። ለመጀመሪያው ጊዜ የቤት ኪራይ፣ የምግብ፣ የዑልፓን ወጪ ይሸፍንለታል። ከዚያ በቃ፣ የት ልኑር፣ ምን ልግዛ፣ ልጄን የት ላስተምር የሚለው የራሱ ጉዳይ ነው።

እኛስ? እኛ ሆቴል ገባን፣ መርከዝ ክሊታ ገባን፣ ካራቫን ገባን። ብዙዎቻችን እዚያ ዓመታት ቆየን። ቤት የሚመረጥልን፣ ቅጽ የሚሞላልን፣ ስለ እኛ የሚወስን ሌላ ሰው ነበር። ልጆች ወደ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት፣ ብዙዎቹም ወደ አዳሪ ተላኩ። አስበው ያደረጉት ለእኛ በጎ ነው ብለው ይሆናል። ግን ገንዘቡን በእጁ የያዘ ሰውና ሌላ ሰው የሚይዝለት ሰው ሀገር የሚለምዱት በአንድ መንገድ አይደለም። የመጀመሪያው ይሳሳታል፣ ይከስራል፣ ይማራል። ሁለተኛው መጠበቅ ይለምዳል። «ለምን እነሱ ቶሎ ቆሙ» ለሚለው ጥያቄ የእኔ የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፤ ከቆዳ ቀለሙም ከዲግሪውም አስቀድሜ የማነሳው።

ይህ ማለት ግን ተመቻቸው ማለት አይደለም። በ1990 የቤት ኪራይ ሰማይ ነካ። ሁለትና ሦስት ቤተሰብ አንድ አፓርታማ ተጋርቶ ኖረ። ኪራይ ያቃታቸው ነባር እስራኤላውያን በዚያ በጋ ፓርክ ውስጥ ድንኳን ጥለው ተቃውሞ ወጡ። «ቤታችንን የወሰዱት ሩሲያኖቹ ናቸው» የሚል ቅሬታም ተሰማ። ያኔ የቤቶች ሚኒስትር የነበረው አሪኤል ሻሮን ካራቫን በሺዎች አስመጣ። ቢር ሼቫ አጠገብ ናሃል ቤካ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ ጊቫት ሃማቶስ የመሳሰሉ ሰፈሮች በቆርቆሮ ቤት ተሞሉ። በጋ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ክረምት ውሃ ያስገባል። እኛና እነሱ ጎረቤት የሆንነው እንዲህ ነው።

የእኛ ጎረቤት አንድ ሽማግሌ መሰል ሰው ነበሩ። አሁን ሳስበው ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ዩክሬን እያሉ የድልድይ መሐንዲስ ነበሩ። እዚህ ሌሊት እየተነሱ መንገድ ይጠርጋሉ። ጠዋት ሲመለሱ መጥረጊያቸውን ደጃፍ ላይ ያስደግፉና እጃቸውን በሳሙና ደጋግመው ይታጠባሉ። ከዚያ የእኔን የሒሳብ ደብተር ይጠይቁኛል። እሳቸው ዕብራይስጥ አይችሉም፣ እኔም ያን ያህል። ቁጥር ግን ቋንቋ አይፈልግም። ስሳሳት በእርሳስ ክብ ያደርጉበታል፣ «ዬሾ ራዝ» ይላሉ፤ እንደገና ማለት ነው። አባቴ አንድ ቀን እያዩዋቸው «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ሲሉ ሰማሁ። ለራሳቸውም ጭምር ነበር የሚሉት።

ለምን መሐንዲስ መንገድ ይጠርጋል? ብዙ ሰው «ዲግሪያቸውን ስላልተቀበሏቸው ነው» ይላል። እሱ አንዱ ምክንያት ነው። ትልቁ ግን ሒሳቡ ነው። ከ1990 እስከ 1993 ከሶቪየት የመጡት መሐንዲሶች 57 ሺህ ገደማ ናቸው። ከዚያ በፊት እስራኤል በጠቅላላ የነበሯት መሐንዲሶች 30 ሺህ ገደማ ነበሩ። ሐኪሞቹ ደግሞ ከ12 ሺህ በላይ መጡ፤ ሀገሪቱ የነበሯት ወደ 15 ሺህ። ለሁሉም የሚሆን ወንበር ከየት ይመጣል? ደግሞ ሙያው ራሱ ከሀገሩ ጋር የተሳሰረ ነው። የከሰል ማዕድን ማውጫ፣ ግዙፍ የብረት ፋብሪካ፣ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄድ የባቡር ሐዲድ የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ሁሉ የሌለበት ትንሽ ሀገር ገባ። ሐኪሞቹ ፈቃድ ለማግኘት ፈተና ይቀመጣሉ። ብዙ ዓመት የሠሩት ከፈተናው ነፃ ሆነው ለስድስት ወር ሆስፒታል ውስጥ ሥራቸው ይታያል። ያላለፈው ወይም መጠበቅ ያልቻለው ነርስ ሆነ፣ አስታማሚ ሆነ። የፊዚክስ ዶክትሬት ያላት ሴት የአሮጊት ገላ ታጥባለች። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ጎዳና ላይ ኮፍያ ዘርግቶ ይጫወታል።

ቁልቁል ወርደው እንደገና የወጡ አሉ። ማን ወጣ፣ ማን ቀረ ብትሉ በአብዛኛው ዕድሜ ነው የወሰነው። በሠላሳዎቹ የመጣ ሰው ሌሊት ጥበቃ እየሠራ ቀን ኮምፒውተር ተማረ፣ ከአምስት ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ ሙያው ተመለሰ። የእስራኤል ሃይቴክ በ1990ዎቹ ሲያድግ እነዚህን ሰዎች አገኘ። መንግሥትም በ1991 ሳይንቲስት ሐሳቡን ይዞ የሚገባበት፣ ገንዘብና ቢሮ የሚሰጥ የቴክኖሎጂ ማሳደጊያ ፕሮግራም ጀመረ። በሃምሳዎቹ የመጣው ግን መጥረጊያውን እንደያዘ ቀረ። የእኛ ጎረቤት ከዚያ በኋላ ድልድይ አልሠሩም።

ቤተሰቡ እንዴት ቆመ ታዲያ? በአያቶች ነው። የሶቪየት ቤተሰብ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ፣ እናት፣ አያት። አያቷ ልጁን ትጠብቃለች፣ ሾርባ ትሠራለች፣ እናት ሁለት ሥራ ትሮጣለች። ቤት ሲገዛም የሁሉም መብት ተደምሮ ማሽካንታ ይወጣል፤ የቤት ብድር ማለት ነው። ሦስት ትውልድ በሁለት ክፍል ይኖራል። የእኛ ቤት ደግሞ ስምንት ዘጠኝ ልጅ ያለበት ነው። ያው አንድ ደመወዝ ለሦስት አፍ ሲካፈልና ለአሥር አፍ ሲካፈል ልዩነቱን መናገር አያስፈልግም።

የልጆቹ ትምህርት ነገር ደግሞ ለብቻው መወራት አለበት። የሶቪየት ወላጅ የእስራኤልን ትምህርት ቤት ሲያይ ደነገጠ። ልጁ መምህሩን በስሙ ይጠራል፣ ክፍል ውስጥ ይጮሃል፣ ሒሳቡ ወደኋላ የቀረ ነው። እኛ ወላጆቻችን «ትምህርት ቤቱ ያውቃል» ብለው ዝም ሲሉ እነሱ ዝም አላሉም። ሥራ ያጡ የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን ተሰባስበው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ማስተማር ጀመሩ። «ሞፌት» የሚባለው የትምህርት መረብ የተወለደው ከዚያ ነው። ቴል አቪቭ ያለው ሼቫህ ሞፌት ትምህርት ቤት ዝናው ወጣ። በኋላ ነባር እስራኤላውያንም ልጆቻቸውን ይልኩ ጀመር። እነሱ ሀገሩን ለመዱት ብቻ አይባልም፤ የጎደለውን አይተው ጨመሩበት።

ቴያትሩም እንዲሁ ነው። በ1991 ከሞስኮ የመጡ ዳይሬክተርና ተዋናዮች «ጌሼር» የተባለውን ቴያትር አቋቋሙ። ጌሼር ድልድይ ማለት ነው። መጀመሪያ በሩሲያኛ ተጫወቱ። ቀጥሎ በዕብራይስጥ፣ ቋንቋውን ገና ሳይችሉት ቃሉን እንደ ዳዊት ሸምድደው። ዛሬ ሀገሪቱ ካሏት ታላላቅ ቴያትሮች አንዱ ነው።

«ቋንቋቸውን አልተዉም፣ ተገልለው ነው የሚኖሩት» የሚል ወቀሳ ይሰማባቸዋል። እውነት ነው፣ አሽዶድ ወይም ባት ያም ከተማ ውስጥ ያለ ዕብራይስጥ መኖር ይቻላል። የሩሲያኛ ጋዜጣ ነበራቸው፣ ከ2002 ጀምሮ የራሳቸው የቴሌቪዥን ጣቢያ አላቸው፣ የመጻሕፍት መደብር፣ ሄሪንግ ዓሣና ጥቁር ዳቦ የሚሸጥ ሱቅ በየመንደሩ አለ። እኔ ግን ወቀሳውን አልቀበልም። ውጭ ሲሰደብ የዋለ ሰው ማታ በቋንቋው የሚያነበው ነገር ካለው ነገም ይነሳል። ለአዲስ መጪዎች የሚያሰራጨው ሬካ ሬዲዮ በሩሲያኛም በአማርኛም ይናገራል። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ አማርኛውን ትጠብቃለች፣ ጎረቤታችን ሩሲያኛውን፤ ሞገዱ ያው አንድ ነው። ልዩነቱ ቁጥር ላይ ነው። ሚሊዮን ደንበኛ ካለ ባንኩ ሩሲያኛ የሚችል ሠራተኛ ይቀጥራል፣ መድኃኒት ቤቱም ይቀጥራል። እኛ ያኔ ከ50 ሺህ አንበልጥም ነበር። ለእኛ ማን ይቀጥር?

ቁጥሩ ፖለቲካም ሆነ። ሻራንስኪ የመሠረተው ፓርቲ በ1996 ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳድሮ 7 መቀመጫ አገኘ። በ1999 ደግሞ አቪግዶር ሊበርማን ሌላ ፓርቲ ይዞ መጣ። በ1999 ምርጫ የሻራንስኪ ሰዎች ትልቁ ጥያቄ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ለእኛ ይሰጠን የሚል ነበር፤ ተሰጣቸውም። የመከላከያ ሚኒስቴርን ወይም የገንዘብን ትተው ይህን የፈለጉት ለምንድን ነው? መታወቂያ የሚሰጠው፣ ማን አይሁዳዊ ተብሎ እንደሚመዘገብ የሚጽፈው እሱ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ቀስ ብለን እንየው። የመመለስ ሕግ በ1970 ሲሻሻል ለአይሁዳዊ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለልጅ ልጅና ለትዳር ጓደኛም ዜግነት ፈቀደ። በሃይማኖቱ ሕግ ግን አይሁዳዊ የሚባለው እናቱ አይሁዳዊት የሆነች ወይም ወደ ሃይማኖቱ የገባ ብቻ ነው። ስለዚህ አባቱ አይሁዳዊ፣ እናቱ ሩሲያዊት የሆነችበት ወጣት በሕግ ዜጋ ነው። ግብር ይከፍላል፣ ጦር ሠራዊት ይገባል። ማግባት ሲፈልግ ግን ረባኑት፣ የረቢዎቹ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት፣ «አንተን አላጋባም» ይለዋል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ የለም። ምን ያደርጋል? ቆጵሮስ በርሮ ይጋባል፣ ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል፣ ሀገሩ ይመዘግብለታል። በዚህ ሁኔታ ያሉ ሰዎች ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። ከሠርግ ይልቅ የሚያመው ግን ቀብሩ ነው። የት ይቀበር የሚል ክርክር ሬሳ እየጠበቀ ሲነሳ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እኛም ይህን በር አንኳኩተናል። በ1985 ረባኑት የቤተ እስራኤልን አይሁድነት ተጠራጥሮ ሥርዓት እንድንፈጽም ሲጠይቅ፣ ሽማግሌዎቻችንና ቄሶቻችን ኢየሩሳሌም ላይ ከቢሮው ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። እኛ ሺህ ዘመን ኦሪትን ጠብቀን «አይሁድ ናችሁ ወይ» ተባልን። እነሱ አምስተኛው መስመር ላይ ሲሰቃዩ ኖረው እንዲሁ ተባሉ።

ከዚያ በዓሉ አለ። ታኅሣሥ 31 ማታ ጎረቤታችን ካራቫን ውስጥ በወረቀት ያጌጠች ትንሽ ዛፍ ትቆማለች፤ ድንች በማዮኔዝ የተሠራ ኦሊቪዬ ሰላጣ ይቀርባል። ነባሩ ሰው ሲያይ «ገና ያከብራሉ፣ ክርስቲያኖች ናቸው» አለ። አልነበረም። ሶቪየት የገናን ዛፍ ከልክላ በ1935 የአዲስ ዓመት ዛፍ ብላ መለሰችው። «ኖቪ ጎድ» ሃይማኖት የሌለው፣ ካድሬ ያልገባበት ብቸኛ የቤተሰብ በዓላቸው ነበር። ይህን ለማስረዳት ሃያ ዓመት ፈጀባቸው።

ግንቦት 9፣ ናዚ ድል የተደረገበት ቀን፣ ደግሞ ሌላ ነው። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ደረታቸውን በሜዳይ ሞልተው ይወጣሉ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ አይሁዶች በቀይ ጦር ውስጥ ናዚን ተዋግተዋል። እስራኤል ስለዚያ ጦርነት ስታስብ አብዝታ የምታስበው የተገደሉትን ነው። እነዚህ ሽማግሌዎች ግን በርሊን የገባ ጦር ወታደር ነበሩ። ጠራጊ ተብለው የታለፉ ሰዎች ማን እንደነበሩ በዚያ ቀን ይታያል። በ2017 የሀገሪቱ ፓርላማ ክኔሴት ቀኑን በሕግ የሀገር መታሰቢያ አደረገው።

ከ2022 ወዲህ፣ የዩክሬን ጦርነት ከጀመረ በኋላ፣ ሌላ ማዕበል መጥቷል። እነዚህ ከሞስኮና ከፒተርስበርግ ላፕቶፕ ይዘው የመጡ፣ ሥራቸውን ከርቀት የሚሠሩ ብዙ አሉባቸው። ካራቫን አያውቁም። አንዳንዱ ፓስፖርቱን ይዞ ወደ ሌላ ሀገር አልፏል። እነሱን ከ1990ዎቹ ሰዎች ጋር በአንድ ሚዛን መመዘን ልክ አይመስለኝም።

የ1990ዎቹ ሰዎች ልጆች ዛሬ ሐኪም፣ ፕሮግራመር፣ የጦር መኮንን ናቸው። «ቶሎ ቆሙ» ስንል የምናየው እነሱን ነው። ወላጆቹን እንይ። በሃምሳ ዓመት መጥቶ ሃያ ዓመት በጽዳት ድርጅት የሠራ ሰው ጡረታ አልተቆረጠለትም። እስራኤል ውስጥ አሠሪ ለሠራተኛው ሁሉ የጡረታ ፈንድ እንዲቆርጥ የተገደደው ከ2008 ጀምሮ ነው። የሶቪየቱ ጡረታ ከዜግነቱ ጋር ቀረ። ሩሲያና እስራኤል የጡረታ ስምምነት የተፈራረሙት በ2016 ነው፣ ብዙዎቹ እስከዚያ አልቆዩም።

መሐንዲሱ ጎረቤታችን አሁን ሰማንያ አልፏቸዋል። ቢር ሼቫ ውስጥ በመንግሥት የአረጋውያን መኖሪያ አንዲት ክፍል ይዘዋል። አባቴ ከእሳቸው ሁለት ሕንፃ አልፈው ይኖራሉ። በየወሩ 28ኛው ቀን ላይ ከቢቱዋህ ሌኡሚ፣ ከብሔራዊ መድን ተቋሙ፣ የእርጅና ድጎማ ይገባላቸዋል። ባለፈው ሁለቱም ባንክ ደረሰኛቸውን እንዳነብላቸው ሰጡኝ። የገንዘቡ መጠን እኩል ነበር።